ጥቁሩ የራጅ አልጋ

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሙሀመድዘይን አንድ የተጣመመ ኮምፔንሳቶ በብብቱ ይዞ ኬሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የቃሲም ብየዳ ቤት ገባ። ሙሀመድዘይን ከአስፋልቱ ማዶ ባለው የግል ክሊኒክ ራጅ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። ቃሲም በር ሊያሠራ የመጣ መስሎት የብየዳ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ። እንግዳው የፈለገው ግን የቃሲምን እህት ነበር።

"ዓዲላ፣ አዲስ አበባ ሳለሽ የአውሮፕላን አካል ትጠግኚ ነበር ይባላል። እውነት ነው?"

ዓዲላ ጥግ ላይ ተንበርክካ የተሰነጠቀ የውሃ ሮቶ ትደፍን ነበር። ስምንት ዓመት በአንድ የጥገና ድርጅት የካርቦን ፋይበር ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ካርቦን ፋይበር ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠነክራል፣ ክብደቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእናቷ ዓይን ሲጠፋ ሥራዋን ትታ ወደ ኬሚሴ ተመለሰች። እዚህ ያንን ሙያ የሚፈልግ አልተገኘም። ሮቶና የባጃጅ አፍንጫ እየጠገነች ሁለት ዓመት አለፋት።

"እውነት ነው። ምነው?"

ሙሀመድዘይን ከፖስታ ውስጥ የራጅ ፊልም አውጥቶ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። የሰው ቅልጥም ይታያል።

"ይቺ መስመር ምን ትመስልሻለች?"

"ስብራት።"

"አይደለችም። የኮምፔንሳቶው እንጨት ጅማት ናት። ይቺኛዋስ?"

"እሷም እንጨት።"

"እኔም እንጨት ናት ብዬ ነበር" አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። "ሰዒዳ የምትባል የጨፋ ሮቢት ሴት ናት። አልተሰበርሽም ብዬ ሰደድኳት። ሁለት ሳምንት ረግጣበት አጥንቷ ለየቅል ሆነ። አሁን ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች።"

ነገሩን አስረዳት። የራጁ አልጋ የላይኛው ሰሌዳ ከተሰነጠቀ ሦስት ወር ሆኖታል። አዲስ ታዟል፤ ከውጭ ተጭኖ እስኪመጣ ገና አራት አምስት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ሕመምተኛ የሚተኛው ኮምፔንሳቶ ላይ ነው፤ የእንጨቱ ጅማትና ዓይን ደግሞ ፊልሙ ላይ ከአጥንቱ ጋር እየተደባለቀ ይወጣል። የሚፈልገው ጨረር ያለ ችግር የሚያልፍበት ሰሌዳ ነው። ከላይ ደም ቢፈስበት በአንድ ጨርቅ የሚጠረግ ልስልስ መሆን አለበት። ከታችም ልስልስ መሆን አለበት፤ የፊልሙ መሳቢያ ሥሩን እየታከከ ስለሚገባና ስለሚወጣ ጉብታ ካለው ይነክሰዋል።

ዓዲላ አልጋዋ ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ የካርቦን ጨርቅ ነበራት። ድርጅቱ ጊዜው አለፈ ብሎ ሲያስወግድ አለቃዋ ሲሰናበታት የሰጣት ነው። አንድ ሰሌዳ ያወጣል፤ ሁለተኛ አያወጣም።

"አንዴ ብቻ ነው የምሞክረው" አለችው። "ከተበላሸ የለኝም።"

"ሞክሪው በአላህ" አለ ሙሀመድዘይን።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀች። ጨርቁ መስታወት ላይ ተዘርግቶ ሬዚን ሲጠጣ መስታወቱን የነካው ፊት እንደ መስታወቱ ይለሰልሳል፤ ሌላው ፊት ግን እንደ ተጨማደደ ላስቲክ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ወፍራም መስታወት አስቆረጠች፣ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ። በመሀል ሁለቱን የካርቦን ፊቶች የሚለያይ ጠንካራ ፎም ይገባል። ከላይም ከታችም መስታወት ካለ ሬዚኑ መሄጃ ስለሚያጣ ፎሙን በቢላ እየሰነጠቀች ቀጫጭን ቦይ አወጣችለት፣ በየመዳፉ ርቀትም ከፊት እስከ ጀርባ በሳችው። ከዚያ ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ በአንድ ጫፍ አየሩ ይሳባል፤ በሌላው ጫፍ ሬዚኑ በራሱ ወደ ውስጥ ይመጠጣል። አየር መሳቢያውን ቃሲም ከተጣለ ፍሪጅ ሞተር አውጥቶ ሠራላት።

የሚያስፈራት ሙቀቱ ነበር። ሬዚን ከማጠንከሪያው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይቸኩላል። የኬሚሴ ግንቦት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አያዘናጋም። ስለዚህ እሁድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ለመጀመር ተቀጣጠሩ።

እሁድ የሰንበቴ ገበያ ቀን ስለሆነ መናኸሪያው ገና ሳይነጋ ይንጫጫል። ከብየዳ ቤቱ አጥር ማዶ የጋሽ ጀይሉ ሚኒባስ ሞተሩን እያሞቀ ተሳፋሪ ይጭን ነበር። ጋሽ ጀይሉ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ከቃሲም ጋር ሰላምታ ካቆሙ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ቃሲም የበየደላቸው ፖርቶመጋላ፣ የጣራው ዕቃ መጫኛ፣ ከሰንበቴ ሲመለሱ ከነጭነቱ ተገንጥሎ የኋላ መስታወታቸውን ይዞ ወረደ። ሰው አለመሞቱ የአላህ ሥራ ነው። እሳቸው ብየዳው ነው አሉ፤ ቃሲም ጭነቱ ነው አለ። በዚያው ቀሩ።

"ቢስሚላህ" ብላ ዓዲላ የሬዚኑን ቱቦ ከፈተች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሬዚኑ ከባልዲው ተነስቶ በቱቦው ሽቅብ ወጣና ፎሙ ውስጥ ገባ። በላስቲኩና በላይኛው መስታወት በኩል ይታያል፤ ደብዛዛው ጨርቅ ዝናብ እንደነካው መሬት እየጠቆረ ሄደ። ዓዲላ በየአምስት ደቂቃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ ታሰምራለች። ሙሀመድዘይን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። የፍሪጁ ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።

በሠላሳኛው ደቂቃ ሁለት ሦስተኛው ጠቆረ። በሠላሳ አራተኛው ሞተሩ ዝም አለ።

"መብራት ሄደ!" አለ ቃሲም።

ዓዲላ ሁለቱንም ቱቦ በማሰሪያ ጨመቀቻቸው። ዓይኗን ምን ያህል አየር እንደተሳበ በሚያሳየው ጌጅ ላይ ተከለች። መርፌው ቆመ፤ ከዚያ አንድ ፀጉር ያህል ወረደ። ከዚያም ሌላ ፀጉር።

"የሆነ ቦታ አየር ያስገባል" አለች። "እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ አይታወቅም።"

"የክሊኒኩ ጄኔሬተርስ?" አለ ቃሲም ወደ ሙሀመድዘይን ዞሮ።

"ከትናንት ወዲያ ተፈቶ ለጥገና ሄዷል።"

ዓዲላ የባልዲውን ጎን በእጇ ዳበሰችው። ለብ ብሏል። በአንድ ጊዜ ሙሉውን ባለማቀላቀሏ አላህን አመሰገነች፤ ግማሹ ሬዚን ከማጠንከሪያው ተለይቶ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ውስጥ የገባው ግን አይጠብቅም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ማር ይወፍራል፤ ከዚያ ደረቁን ጫፍ ምንም አያረጥበውም።

ከአጥሩ ማዶ የናፍጣ ሞተር ይንኳኳል። ዓዲላ ቀና አለች።

"ቃሲም፣ የናፍጣ መኪና ዲናሞ ላይ ለፍሬን አየር የሚስብ ፓምፕ አለ አይደል?"

ቃሲም ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ሌላ መኪና እንፈልግ።"

"ሌላ መኪና እስኪገኝ ያልቃል!"

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ጋሽ ጀይሉ የሹፌር በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። መኪናው ሞልቷል፤ ዶሮ ያቀፈች ሴት በመስኮት ታያለች።

"አከም ቡልተን፣ ጋሽ ጀይሉ?" አለች በኦሮምኛ።

"ናጋ። ደህና አደርሽ? ምነው እንዲህ አለከለከሽ?"

ነገረቻቸው። የፍሬኑን ቱቦ ነቅሎ ከእሷ ላስቲክ ጋር ማገናኘት እንደሚያስፈልግ፣ ሞተሩ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይጠፋ መሥራት እንዳለበት፣ ለራጅ አልጋው እንደሆነ። ሽማግሌው አዳመጧት። ከዚያ ወደ አጥሩ ተመለከቱ።

"ወንድምሽ ነው የላከሽ?"

"አልላከኝም።"

"ልጄ፣ ላንቺ ቅያሜ የለኝም። ግን አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ በዚያ ሰውዬ ግቢ ሦስት ሰዓት ልቆም? ፖርቶመጋላው ሰው ገድሎ ቢሆን እስር ቤት የምገባው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን መጥቶ አጠፋሁ አላለኝም።"

"ጋሼ፣ አሁን እንሂድ!" አለ አንዱ ተሳፋሪ ከውስጥ። "ገበያው ይበተናል!"

ዓዲላ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሄዷል። ያኔ ነው ቃሲም በበሩ የወጣው። እጁ ጥቁር ነው፤ በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ እንደገና ይጠርገዋል።

"ጋሽ ጀይሉ" አለ።

ሽማግሌው የመኪናውን በር ያዙ።

"ፖርቶመጋላውን የበየድኩበት ኤሌክትሮድ እርጥብ ነበር። ዝናብ ነክቶታል። እርጥብ ኤሌክትሮድ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ውስጡ አረፋ ነው፤ አውቄው ነበር። አንቱ ቸኩለው ነበር፣ እኔም ቸኮልኩና በየድኩት። ጭነቱ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። መናኸሪያ ውስጥ፣ በደንበኞቹ ፊት ነበር የተናገረው። ብየዳ ቤት የሚያስተዳድር ሰው እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ ሲያወጣ ዓዲላ ሰምታ አታውቅም። የወንድሟን ፊት ማየት ከበዳት፤ መሬት መሬቱን አየች።

ጋሽ ጀይሉ ቃሲምን ተመለከቱት። ከዚያ በእጃቸው የመኪናውን ጣራ ሁለቴ መቱ።

"ውረዱ!"

"ኧረ ጋሼ—"

"ውረዱ ብያለሁ። ያ ነጩ መኪና ባዶ ነው፤ ቦታ አለው። ዓፉ በሉኝ። ውረዱ!"

ሚኒባሱ እየተንቀጠቀጠ በጠባቡ በር ወደ ኋላ እየሄደ ብየዳ ቤቱ ግቢ ገባ። ቃሲም ሞተሩ ሥር ተጋድሞ የፍሬኑን ቱቦ ነቀለ። ፍሬን አልባ ሆኗልና ሙሀመድዘይን ድንጋይ እየተሸከመ በአራቱም ጎማ ሥር ወሸቀ። ሁለቱ ቱቦዎች አፋቸው አልገጠመም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው። ቃሲም የባጃጅ ጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው።

"ክፈቺው" አለ።

ዓዲላ ማሰሪያውን ፈታች። መርፌው ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ከፍሪጁ ሞተር በላይ ሄዶ ቆመ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙሀመድዘይን።

የቀረውን ሬዚን ከማጠንከሪያው ጋር አቀላቀለችው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ጠፍቷል። የሬዚኑን ቱቦ ከፈተች። ጥቁሩ ጠርዝ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ቃሲም ጎንበስ ብሎ ጠርዙን አየ። በሦስተኛው ደቂቃ በፎሙ ቦዮች በኩል አንዲት ቀጭን ጥቁር ጣት ወደ ፊት ወጣች፤ ከዚያ ሌላዋ። ጣቶቹ እየሰፉ ተገናኙ። መጀመሪያ በአምስት ደቂቃ የሄደውን አሁን በሩብ ሰዓት ይሄዳል። ፀሐይ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ወጣች፤ ቃሲም ጆንያ አርጥቦ ጣራው ላይ እየወጣ ዘረጋ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ጥግ ብቻ ደብዛዛ ቀረ፤ መዳፍ ያህል ነው። ዓዲላ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። መጨረሻ ላይ እሱም ጠቆረ። የሬዚኑን ቱቦ በማሰሪያ ዘግታ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሬዚኑ እስኪረጋ ሞተሩ እስከ አምስት ሰዓት ሠራ። ናፍጣ ሲያንስ ቃሲም ጀሪካን ይዞ ሄዶ አመጣ። ጋሽ ጀይሉ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሞተሩን የሙቀት ጌጅ ይጠብቁ ነበር። ቃሲም አጠገባቸው ቆመ፤ ቆይቶ ተቀመጠ። ስለ ፖርቶመጋላው አንድ ቃል አላነሱም። ስለ ናፍጣ ጥራት ተጨቃጨቁ።

ሰሌዳው የወጣው በማግስቱ ነው። ዓዲላ በመስታወቶቹ መሀል የእንጨት ሽብልቅ እያስገባች ቀስ በቀስ መታች። የላይኛው መስታወት "ጧ" ብሎ ሲላቀቅ ሁሉም ደነገጡ፤ አልተሰበረም። የታችኛውም ለቀቀ። ዓዲላ ሁለት ሜትር የሚሆነውን ጥቁር ሰሌዳ በአንድ እጇ አነሳችው። ቃሲም ተቀብሎ ፊቱን አየበት፤ ገልብጦ በጀርባውም አየ።

"ወላሂ በሁለቱም በኩል ጢሜ ይታያል!" አለ። ሙሀመድዘይን ሳቀ፤ መዳፉን ከላይ አንሸራተተ፣ ከታች አንሸራተተ፤ የሚይዘው አጣ።

ዓዲላ አልሳቀችም። ከኪሷ አንድ ብር ሳንቲም አውጥታ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ሰሌዳውን ማንኳኳት ያዘች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በየሁለት ጣት ርቀት ሄደች። ሰዎቹ ምን እንደምትሠራ አልገባቸውም። መጨረሻ የጠቆረው ጥግ ስትደርስ ድምፁ ተቀየረ፤ የታፈነ ሆነ። እንደገና አንኳኳችው። ያው ነው።

"ምንድን ነው?" አለ ሙሀመድዘይን።

"እዚህ ጋ ከሥሩ አየር አለ። ሬዚኑ በደንብ አልገባም።"

ቃሲም ጎንበስ ብሎ ጥጉን አየ። "የታለ? ምንም የለም እኮ። መስታወት ነው።"

"ከላይ አይታይም።"

"ካልታየ ታዲያ—" ብሎ ጀመረና ራሱ አቆመው። ትናንት በአደባባይ የተናገረው ትዝ ብሎት ይሁን ሌላ፣ አንገቱን አቀረቀረ።

ለዓዲላ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ሁለቱም ሰዎች ደስ ብሏቸዋል፤ ሰሌዳው ያብረቀርቃል፤ ሁለት ዓመት ሮቶ ስትደፍን የሰነበተችበት ከተማ ነገ ስሟን ያነሳል። ነገር ግን ያቺ የጨፋ ሮቢት ሴት ከፊቷ አልጠፋ አለች፤ አይታት እንኳ አታውቅም።

"ባዶውን ራጅ አንሳው" አለችው ሙሀመድዘይንን። "ሰው ሳይተኛበት ሁሉንም ቦታ አንሳው። ፊልም ይፈጃል፤ ግን አንሳው።"

ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ተመልሶ ስለነበር፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሰሌዳውን አልጋው ላይ አስቀመጡት። በመጀመሪያ ቃሲም አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ጫነበት፤ መሀሉ አልረገበም። ከዚያ ሙሀመድዘይን በሩን ዘግቶ አምስት ቦታ አነሳ። ዓዲላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ጠበቀች። ጥጉ ትልቅ ሆኖ ቢገኝ ሌላ ጨርቅ የላትም።

ሙሀመድዘይን ፊልሞቹን አንጠልጥሎ ወጣ፤ መብራቱ ላይ በተራ ሰቀላቸው። አንደኛው ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አምስተኛው ላይ ጠርዙ አካባቢ ምስር የምታክል ጥላ አለች፤ አጠገቧም ሁለት ትንንሽ።

ዓዲላ ጣቷን ጥላዋ ላይ አሳረፈች።

"ሳትነግሪኝ ብትቀሪ" አለ ሙሀመድዘይን፣ "አንድ ቀን የአንዱን ሰው ቁርጭምጭሚት እዚች ላይ አስቀምጬ አጥንቱ በሽታ አለበት እል ነበር።"

"ልመልሰው?"

"የት ነው የምትመልሺው?" ሰሌዳውን ለካ። ጥላዋ ከጫፉ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ከጎኑ አራት ጣት ላይ ናት። "ይሄን ጫፍ ከእግር ማሳረፊያው በኩል አደርገዋለሁ። ራጁ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ መሀል መሀሉን ነው የማነሳው። ነጭ ቀለም አለሽ?"

ዓዲላ በቀለም ጥጉን ዙሪያውን አሰመረችው። ሙሀመድዘይን የፊልሙን ቅጂ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከሥሩ፣ እሱ በሌለበት የሚተካው ሰው እንዲያየው፣ በነጩ መስመር ውስጥ ምንም እንዳይነሳ ብሎ በትልቁ ጻፈ። ስሟን ከሥሩ ሊጽፍ ብሎ ሲያመነታ አየችው።

"እሱንም ጻፍ" አለች። "ጥያቄ ያለው ይምጣ።"

የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ረቡዕ ቀን መጣች። ኡምኩልሱም የምትባል ከቆላው በቃሬዛ የመጣች ከብት አርቢ ናት፤ ጊደር ገፍትራት ወድቃለች። ዓዲላ አልጋው እንዴት እንደሚይዝ ልታይ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ ጥቁሩን ሰሌዳ አይታ አልተኛም አለች።

"ይሄ ብረት ነው። ይቀዘቅዛል።"

"ንኪው እስቲ" አለቻት ዓዲላ።

ኡምኩልሱም በመዳፏ ነካችው። ቅንድቧን አነሳችና ልጆቿ እንዲያስተኟት ፈቀደች። ሙሀመድዘይን ሁሉንም አስወጥቶ አነሳ።

ፊልሙ ሲወጣ መብራቱ ላይ ሰቅሎት ቆመ። ከቅልጥሟ በስተቀር ምንም የለበትም። አጥንቱ ላይ ግን ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ከፀጉር የቀጠነች መስመር በሰያፍ ወርዳለች። ሙሀመድዘይን ከሩቅ አያት፣ ከቅርብ አያት፣ በጣቱ ተከተላት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ጀሶውን ሊያዘጋጅ ሄደ።

"ተሰብሬያለሁ?" አለች ኡምኩልሱም ከአልጋው ላይ።

"ተሰንጥቀሻል። አጥንቱ ግን ቦታው ላይ ነው። ስድስት ሳምንት አትረግጪበትም።"

"ስድስት!" ወደ ልጆቿ ዞረች። "ጊደሪቱን ማን ያልባታል?"

"እማ፣ ገና መች ወለደችና!" አለ ታላቁ ልጇ።

ሴትዮዋ ከሕመሟ ጋር ሳቀች፤ ዓዲላም ሳቀች። ከዚያ ጀሶው ሲታሰር የሴትዮዋን እግር ቀና አድርጋ እንድትይዝለት ሙሀመድዘይን ስለጠራት ዓዲላ እጇን ታጥባ ገባች።